«ለሐበሻ ልብስ አትሆንም» ተባለች፣ ምን ላድርግ?

ጠመኔና መቀስ
ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

24 ዓመቴ ነው። አካውንቲንግ ተመርቄ ዓመት ተኩል ሥራ ፈልጌ ሳላገኝ ስቀር እናቴ የዕቁብ ብሯን ሰጠችኝና የፋሽን ዲዛይን ሥልጠና ገባሁ። አዲስ አበባ ነው፣ የቦታውን ስም አልጠራም። ስምንት ወር የሚፈጅ ነው፣ አሁን ሰባተኛው ላይ ነን። መጨረሻ ላይ እያንዳንዳችን ሦስት ልብስ ሠርተን በሞዴል እናሳያለን። ቤተሰብ ይጠራል፣ ፎቶ ይነሳል። ሥራ ስንፈልግ ይዘነው የምንዞረውም ያንን ፎቶ ነው።

ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። አንደኛው የራሴው ጉዳይ ነው። ሥራዬን ሰው ፊት ማቅረብ እፈራለሁ። ማታ ማታ ቤት ስሠራ ደህና ነኝ፣ እጄ ይታዘዘኛል። ክፍል ውስጥ ሁሉም እያየኝ «ይሄን ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ስባል ግን ምላሴ ይያዛል። ምክንያቱን እኮ አውቀዋለሁ። አፌ ላይ አልመጣ ይለኛል። ሌሎቹ ስልካቸው ላይ ያዩትን የፓሪስና የሚላን ዲዛይነር ስም እየጠሩ ያወራሉ፣ እኔ የማውቀው የእናቴን ቀሚስና የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ ነው።

ሁለተኛው የባሰው ነው። ሦስቱንም ልብስ በመነን፣ በስሱ የሐበሻ ጨርቅ ነው የምሠራው፣ ጥለቱ ከታች ተነስቶ በአንድ ጎን ወደ ትከሻ የሚወጣ። ወረቀት ላይ ስስለው ጀምሮ በዓይኔ የነበረችው አንዲት ጓደኛዬ ናት። የጋምቤላ ልጅ ናት፣ ኮሌጅ አብረን ተምረናል። ረጅም ናት፣ ጥቁር ናት፣ ትከሻዋ ቀጥ ያለ ነው። ልብሱን የቀደድኩት በእሷ ልክ ነው። ባለፈው ሳምንት ላስለካት ይዣት ሄድኩ። አሠልጣኛችን ከላይ እስከ ታች አያትና «ልጅቷ ቆንጆ ናት፣ ግን ለሐበሻ ልብስ አትሆንም። ካሜራ ላይም ፊቷ አይወጣም። ቀላ ያለች ፈልጊ» አለኝ። እሷ እዚያው ቆማ እየሰማች። ምንም አልመለስኩም። ጎንበስ ብዬ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ታክሲ ውስጥ ሁለታችንም አላወራንም።

ማታ «ችግር የለም፣ ሌላ ፈልጊ፣ እኔ ለምጄዋለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። «ለምጄዋለሁ» ያለችው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አሠልጣኙን እንዴት ላናግረው? የፎቶው ነገርስ እውነት ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ባለሱቁ
እህቴ፣ ሆድ እንዳይብስሽ፣ ግን ከነጋዴ ወገን ያለውን ልንገርሽ። እኔ የሐበሻ ቀሚስ ሱቅ አለኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቀይ ልጅ የለበሰችውን ስለጥፍ ስልኬ አያርፍም። ጠይም ስትለብሰው ይቀንሳል። እኔ አይደለሁም የፈጠርኩት፣ ገዢው ነው እንደዚያ የለመደው። አሠልጣኝሽም ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፣ ሥራ እንድታገኚ ነው። መጀመሪያ ገበያው ውስጥ ግቢ፣ ስም ካወጣሽ በኋላ የፈለግሽውን ታሳያለሽ። ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው።

ብርሃን
ፎቶግራፈር ነኝ፣ ብዙውን ጊዜ ሠርግ ነው የማነሳው። የካሜራውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ይሄን አባባል ስሰማ ያመኛል።

«ፊቷ አይወጣም» የሚባለው ሲበዛ ስንፍና ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ በራሱ ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። የሐበሻ ቀሚስ ነጭ ነው። ነጩ ፎቶውን ሲሞላው ካሜራው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ቀሚሱ አምሮ ይወጣል፣ ፊት ግን ይጨልማል። ቀይ ሰው ላይ ይሄ ስህተት ብዙም አይታወቅም፣ ጥቁር ሰው ላይ ወዲያው ያጋልጥሻል። ስለዚህ ጥፋቱ የለካው ሰው ነው እንጂ የልጅቷ ቆዳ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ልኬቱን ፊቷ ላይ አድርጉት። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ንኪና ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጊ። ነጩ ቀሚስ ከልክ በላይ እንዳይነጣ ደግሞ ብርሃኑን ለፊቷ ጨምሩላት። በመስኮት በኩል ከጎን የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን፣ በሌላው ጎን አንድ ሰው ነጭ አንሶላ ወይም ካርቶን ይያዝላት። ፍላሽ ፊት ለፊት አትምቷት፣ አመድ ያስመስላል። ጥቁር ቆዳ ብርሃንን እንደ መስታወት ነው የሚመልሰው፣ ጉንጯና ትከሻዋ ላይ የምታይው መስመር ቀይ ቆዳ ላይ የማታገኚው ነው። ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ አታድርጉ። የጭቃ ግድግዳ፣ ቡናማ ጨርቅ፣ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ደጅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ ችግር ከድሮም የተማረ ሰው የሠራው ነው። ኮዳክ በፊልሙ ዘመን ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ የሚልከው ካርድ ነበር፣ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር፣ ላዩ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ደህና ከወጣ «ቀለሙ ትክክል ነው» ይባላል። ለዓመታት ዓለም ሁሉ በዚያ መለኪያ ፎቶ አጥቧል። ዛሬ ካሜራው ተሻሽሏል። የእኛ ጭንቅላት ግን ያው ካርድ ላይ ቀርቷል።

ባለሱቁ
ብርሃን ስለ ነጩ ቀሚስ ያልከው አዲስ ነው ለእኔ። እኔ ራሴ ነኝ በስልክ የማነሳው። እስቲ እሞክረዋለሁ።

መርፌና ክር (ሲልቨር ስፕሪንግ)
እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የሙሽራ ልብስ ማስተካከል ነው ሥራዬ፣ 19 ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄሽን፣ የፍርሃቱን፣ ማንም አልነካውም፣ እኔ ልንካው።

የእናትሽን ቀሚስና የሰፈር ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የማውቀው ያልሽው እንደ ጉድለት ነው የጻፍሽው። አምሳለ አበራን ታውቂያታለሽ? ከአዲስ አበባ ለትምህርት አሜሪካ ሄዳ ሳለ እ.ኤ.አ. 1974 ላይ አብዮቱ ፈነዳ፣ መመለሻ አጣች። ሠርታ ራሷን እያስተዳደረች ተማረች፣ ቦስተን ፖለቲካል ሳይንስ ነው የጨረሰችው። አንቺ አካውንቲንግ እንዳልሽው። ልብስ መግዣ ስላልነበራት የራሷን ትሰፋ ነበር። ከዚያ ኒውዮርክ ፋሽን ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ገብታ ሙያውን ከሥሩ ተማረች። በ1985 ልታገባ ስትል ገበያው በሙሉ እጀታው ያበጠ፣ ዳንቴልና ዶቃ የበዛበት ልብስ ነበር። እሷ የምትፈልገው ንጹሕ፣ ምንም ያልተለጠፈበት ልብስ ነው። አጣች። ራሷ ሠራችው። ከዚያ ጋዜጣ ላይ ትንሽ ማስታወቂያ አውጥታ ደንበኛ መቀበል ጀመረች። በኋላ ማዲሰን አቬኑ ላይ ስሟ የተጻፈበት ሱቅ ከፈተች። በ2018 አረፈች፣ ነፍስ ይማር። ዛሬም የሙሽራ ሱቅ ውስጥ «አምሳለ» ሲሉ የእኛ ስም መሆኑን የማያውቁ ፈረንጆች አሉ፣ በሰማሁ ቁጥር ደስታዬን አልችለውም።

እኔን የሚገርመኝ ምን መሰለሽ? ያ የምትወደው ቀላልነት። ያልበዛ ልብስ ለመሥራት የበለጠ ሙያ ይፈልጋል። ዶቃው ስህተት ይሸፍናል። ባዶ ጨርቅ ላይ አንድ ስፌት ከተጣመመች ከሩቅ ትታያለች። እንዲህ ያለ ልብስ ደፍሮ ማቅረብ የሚችለው እጁን የሚያምን ሰው ነው። ያ እምነት ደግሞ በምክር አይመጣም፣ ሠርተሽ፣ ፈትተሽ፣ እንደገና ሠርተሽ ነው።

ሌላም ልጨምርልሽ፣ ከያዝኩ አይቀር። አን ሎው የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፣ የአላባማ ልጅ፣ ስፌት ከእናቷና ከአያቷ ነው የተማረችው። አያቷ በባርነት ዘመን ሰፊ ነበሩ። በ1917 ኒውዮርክ ዲዛይን ትምህርት ቤት ስትገባ ከነጮቹ ጋር አትቀመጥም ተብላ ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት። ሥራዋን ግን ለሌሎቹ ተማሪዎች ማሳያ ያደርጉት ነበር። በ1953 ጆን ኬኔዲ ሲያገባ የዣክሊንን የሙሽራ ልብስ የሠራችው እሷ ናት። ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው የሥራ ቦታዋ ውሃ ቧንቧ ፈንድቶ የሙሽራዋንም የሚዜዎቹንም ልብስ አበላሸው። ለማንም ሳትናገር ጨርቅ ከኪሷ ገዝታ፣ ሌሊቱንም ቀኑንም ሰፍታ አደረሰች። ከሰረች። ልብሱን ዓለም ሁሉ አየው፣ የእሷን ስም ግን ለዓመታት የጠራው የለም። እኔ ይሄን ታሪክ ሳስብ ሁለት ነገር ይሰማኛል፣ ኩራትና ንዴት። እጅሽ ቢማርም ስምሽን ካልተናገርሽ ሌላው አይናገርልሽም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ አፍሽን የመክፈቱ ነገር ለመድረክ ብቻ አይደለም፣ የሥራሽ አካል ነው።

ባለሱቁ ወንድሜ «መጀመሪያ ስም አውጪ፣ ከዚያ የፈለግሽውን» ላልከው ግን አልስማማም። ስም ያወጣሽበት ነገር ነው ተመልሶ የሚይዝሽ። አምሳለ ዶቃ በበዛበት ልብስ ብትጀምር ዶቃ ነበር የምትጠየቀው።

የሽመና ቤት ልጅ
አባቴ ሸማኔ ነው። ከጋሞ፣ ዶርዜ ነው የመጣው፣ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት። የምጽፈው ትንሽ ከርዕሱ ወጣ ይል ይሆናል፣ ግን አይወጣም።

ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት «የሸማኔ ልጅ» ሲሉኝ ስድብ ነበር። በአገራችን ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ሲናቅ የኖረ ነው። የሚገርመው የሰደበኝ ልጅ ለጥምቀት የለበሰው አባቴ የሠራውን ነው። አባቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ በእጁ መወርወሪያውን ሲወረውር ቀኑን ሙሉ ይውላል። የጥለቱን ቁጥር የሚይዘው በጭንቅላቱ ነው፣ የትም አይጽፈውም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የሚለውን የልብስ ሥራ ጀምራ የእኛን አገር ሽመና ወደ ውጭ ገበያ ስትወስድ ሰፈራችን ውስጥ ወሬው ሲደርስ አባቴ ምንም አላለም፣ ግን የዚያን ሰሞን እኔን ቁጭ አድርጎ ድር መወጠር ማስተማር ጀመረ። ከዚያ በፊት «አንተ ተማር፣ ይሄን አትንካ» ነበር የሚለኝ።

ስለዚህ ጠመኔና መቀስ፣ ልብስሽን የምታቀርቢ ቀን ጨርቁን ማን እንደሠራው ንገሪያቸው። ፈታይዋን፣ ሸማኔውን፣ ስማቸውን። ክፍል ውስጥ ምላስሽ ሲያዝ ከዚያ ጀምሪ። የፓሪስ ስም መጥራት የማትችዪ ከሆነ የሽሮ ሜዳ ስም ጥሪ፣ ይሄን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ እዚያ ክፍል የለም።

አንድ የሙያ ነገር ልንገርሽ። በእጅ የተሠራ ጨርቅ ስፋቱ የሸማኔው ክንድ የሚደርስበት ድረስ ነው። እንደ ፋብሪካ ጨርቅ እንደልብሽ አትቀጂውም። ጥለቱ ደግሞ አብሮ የተሠራ ስለሆነ ቦታውን ከመቁረጥሽ በፊት ነው የምትወስኚው። ወደ ትከሻ የሚወጣ ካልሽ ለሸማኔው ገና ድሩ ሳይወጠር ልትነግሪው ይገባል። ከተሠራ ከመጣ ጨርቅ ላይ ከሆነ ያወጣሽው ጎበዝ ነሽ፣ እንዴት እንዳደረግሽው አሳዪን።

ጠመኔና መቀስ
ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እያነበብኩ አለቀስኩ። የሽመና ቤት ልጅ፣ ከተሠራ ጨርቅ ነው። ሁለት ቀሚስ ገዝቼ ነው ጥለቱን ያገኘሁት፣ ከአንዱ ጥለቱን በሙሉ አንስቼ በጎን ስፌቱ ላይ አስገባሁት። ክፍል ውስጥ ይሄን ማንም አልጠየቀኝም፣ አንተ ጠየቅከኝ። የሸማኔውን ስም አላውቀውም፣ ይሄው አፈርኩ። ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ሄጄ እጠይቃለሁ።

የነታንያዋ
ከእስራኤል ነው የምጽፈው። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስለ ቆዳ የምትጽፉትን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ።

እዚህ ይትይሽ አይናው፣ ቲቲ የምንላት፣ በ2013 የእስራኤል ቆንጆ ተብላ ስትመረጥ ከኢትዮጵያ ተወላጆች የመጀመሪያዋ ናት። ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች ልጅ ናት፣ በ12 ዓመቷ ነው እዚህ ከተማችን አያቶቿ ዘንድ የመጣችው። ያን ማታ ሕንጻችን ውስጥ እልልታ ነበር። እናቴ በሕይወቷ የቁንጅና ውድድር አይታ አታውቅም፣ ቴሌቪዥኑን በእጇ ስትዳስሰው አየኋት።

እውነቱን ልናገር፣ ዘውዱ ሁሉን ነገር አልቀየረም። በማግስቱ ልጄ ልብስ ቤት ስትገባ ጠባቂው ይከተላት የነበረው መከተሉን አልተወም። ግን የሆነ ነገር ተቀይሯል። ሴት ልጄ መልስ አገኘች። «እኔን የምትመስል የለችም» ትል የነበረችው መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን መጎተት ቀነሰች።

ሰዎች ስለ ቲቲ የሚረሱት ደግሞ አንድ ነገር አለ። ከመድረኩ በፊት በጦሩ ውስጥ መኮንን ነበረች። ሰው ፊት ቆሞ መናገርን፣ ማዘዝን የተማረችው በታኮ ጫማ ላይ ሆና አይደለም፣ በቡትስ ነው። እህቴ አንቺ መድረኩን ስለፈራሽ ብቻ «እኔ አይሆንልኝም» አትበዪ። ሌላ ቦታ የተማርሽው ድፍረት አብሮሽ ይሄዳል። አካውንቲንግ ስትመረቂ የመመረቂያ ጽሑፍሽን መምህራን ፊት ቆመሽ አላቀረብሽም?

የመርካቶው ልብስ ሰፊ
ልጆች ሆይ፣ ይሄን የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እናገራለሁ።

41 ዓመት ሰፍቻለሁ። ሲንጀር በእግር ስረግጥ ጀምሬ ነው። ልጄ ጠመኔና መቀስ፣ ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ። እኔም ጌታዬ ፊት ስቆም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሳቸው አይቆጡም ነበር፣ አንድ ነገር ብቻ ያደርጋሉ። የሰፋሁትን ኮት ይገለብጡና ውስጡን ያያሉ። ውጪውን አያዩም። ገበሩን፣ የስፌቱን ጠርዝ፣ የብብቱን መጋጠሚያ። «ውስጡን የሠራ ሰው ውጪውን አያፍርበትም» ይሉኝ ነበር።

አሁን የምልሽ ይሄ ነው። ከዕለቱ በፊት ሦስቱንም በአቡጀዲ ስፊያቸው። አቡጀዲ ርካሽ ነው። ላዩ ላይ በጠመኔ ጻፊበት፣ እዚህ ሁለት ጣት ገባሁ፣ እዚህ አወጣሁ፣ ለምን እንዳወጣሁ። ያንን አቡጀዲ ይዘሽ ሂጂና አሠልጣኙ ሲጠይቅሽ ጠረጴዛው ላይ ዘርጊው። ያኔ የምታወሪው አንቺ ሳትሆኚ ልብሱ ነው፣ አንቺ በጣትሽ ማሳየት ብቻ ነው። እጅ የያዘው ነገር ካለ ምላስ ይፈታል።

የልጅቷን ነገር በተመለከተ። እኔ ዘመኔን ሁሉ ስለካ ሰው ነው የለካሁት፣ ቀለም ለክቼ አላውቅም። በሜትር ላይ ቀለም የለም። በእሷ ልክ የተቀደደ ልብስ ሌላ ሰው ላይ ብታደርጊው ትከሻው ይወድቃል፣ ጥለቱ ይዛነፋል። ይሄን ንገሪው። ይሄ የሙያ መልስ ነው፣ ጠብም የለበትም።

መርፌና ክር (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ጋሼ እጅዎ ይባረክ። «በሜትር ላይ ቀለም የለም» ያሉትን ሱቃችን ግድግዳ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ከፈቀዱልኝ።

ኛዋ
እኔ ነኝ ጓደኛዋ። ሊንኩን ልካልኝ ነው ያነበብኩት። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር።

«ለምጄዋለሁ» ያልኩት እውነት ነው። አዲስ አበባ ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው። ሱቅ ስገባ በእንግሊዝኛ ያናግሩኛል፣ በአማርኛ ስመልስ ይስቃሉ፣ «አማርኛ ትችያለሽ!» ይሉኛል። አገሬ እኮ ነው። «ከየት አገር ነሽ?» ይሉኛል። ጋምቤላ ስል «እሱማ አዎ፣ ግን ከየት?» ይላሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም ብዙዎቹ። ቴሌቪዥን ላይ፣ ማስታወቂያ ላይ፣ የካላንደር ፎቶ ላይ «ኢትዮጵያዊት» ተብላ የምትቀርበዋን አይተው ነው፣ እኔ እዚያ ውስጥ የለሁም።

የመጀመሪያ ጊዜ የአሌክ ዌክን ፎቶ ያየሁት የአጎቴ ልጅ ስልክ ላይ ነው፣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ስደተኛ ሆና ለንደን ገብታ ከአራት ዓመት በኋላ ገበያ መሃል ነው ለሞዴልነት ያገኟት። በ1997 ኤል መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች። ከእኛ ጋር ድንበር እንጂ መልክ አይለየንም። ያን ፎቶ አይቼ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ግራ ነው የገባኝ። «ይሄ መልክ ይፈለጋል እንዴ?» ብዬ። እስከዚያ ድረስ ሰው ያዘነልኝ እንጂ የፈለገኝ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ። ይሄን ልብስ የምለብሰው ለማስተማሪያ ከሆነ አልፈልግም። «ጥቁሯንም አሳየናት» እንዲባል አልቆምም። ጓደኛዬ በእኔ ልክ ሰፍታዋለች፣ ስለብሰው ራሴን ቀና አድርጌ ነው የተራመድኩት፣ ጥለቱ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ደስ አለኝ። ለዚህ ከሆነ እመጣለሁ። ሜካፑን ግን ራሴ ነው የማደርገው። ባለፈው የአንድ ሰው ምርቃት ላይ የሠራችኝ ሴት የያዘችው ፋውንዴሽን ሁለት ዓይነት ነበር፣ ሁለቱም ለእኔ አይሆንም፣ እሷም ተሳቀቀች እኔም ተሳቀቅኩ። ከዚያ ወዲህ የራሴን ይዤ ነው የምሄደው።

ብርሃን
እህቴ፣ የተናገርሽው ገብቶኛል። ከፈቀድሽ ፎቶውን እኔ በነፃ አነሳለሁ። ማስተማሪያ አይደለም፣ ልብሱና አንቺ ናችሁ። የመስኮቱን ብርሃን አይቼ ሰዓት እንወስናለን። ፋውንዴሽኑ ላይ ልክ ነሽ። ዘፋኟ ሪሃና እ.ኤ.አ. በ2017 ፌንቲ የሚባለውን ሜካፕ በ40 ዓይነት ቀለም ስታወጣ ነው ሌሎቹ ኩባንያዎች መሯሯጥ የጀመሩት፣ ገዢው እንዳለ ያኔ ገባቸው። የእኛ ሜካፕ አርቲስቶች ሳጥን ውስጥ ግን ገና ሁለት ሦስት ቀለም ነው ያለው።

ባለሱቁ
ወደ ኋላ ተመልሼ የራሴን መልስ አነበብኩት። «ገዢው ነው የለመደው» ብዬ ነበር። ማን አስለመደው ብዬ ሳስብ እኔም አለሁበት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ፎቶ ነው የለጠፍኩት። ሌላ ሲለጠፍ ደግሞ በመጥፎ ብርሃን ያነሳሁትን ነው የለጠፍኩት፣ ይሄንን ዛሬ ነው ያወቅኩት። ትናንት ጠይም የሆነችውን ሠራተኛዬን ፎቶግራፈሩ ብርሃን እንዳለው በመስኮት አጠገብ አነሳኋት። ምን ያህል እንደሚሸጥ ገና አላውቅም። ፎቶው ግን ቆንጆ ነው፣ እሷም ለእናቷ ላከችው። ለጓደኛሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ እዚሁ ስላለች እኔው ልበል፣ ይቅርታ እህቴ።

ጠመኔና መቀስ
ዛሬ አናገርኩት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እሑድ ሌሊቱን ሙሉ አቡጀዲውን ሰፋሁ። ጋሼ እንዳሉት ላዩ ላይ ጻፍኩበት። ጠዋት ክፍል ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ጨርቅ ይዞ ስለነበር ማንም አላየውም። «ይሄ ልብስ የተቀደደው በአንድ ሰው ትከሻ ልክ ነው» አልኩት። ጥለቱ የሚነሳበትን፣ ጎኑ ላይ የሚዞርበትን፣ ትከሻ ላይ የሚያርፍበትን በጣቴ አሳየሁት። ትከሻው ሁለት ሴንቲ ቢጠብ ጥለቱ ወዴት እንደሚሄድ በስፒል ይዤ አሳየሁት። ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ያገኘኋቸውን የሸማኔውን ስምም ነገርኩት፣ ጥለቱን ስንት ቀን እንደፈጀባቸውም። ከዚያ ብርሃን ስለ ነጩ ቀሚስና ስለ ካሜራው የጻፈውን ነገርኩት። ስናገር የራሴን ድምፅ እሰማው ነበር፣ እንግዳ ሆነብኝ።

ብዙ ዝም አለ። አቡጀዲውን ገልብጦ ውስጡን አየ። ጋሼ እዚህ ላይ እርስዎን አስታወስኩ። ከዚያ «ፎቶውን መጀመሪያ አምጪና ልየው» አለኝ። እሺም እምቢም አይደለም። ስለ ተናገረው ነገር ይቅርታ አልጠየቀም። እኔም «እሷ ፊት የተናገሩት ነገር ጎድቷታል» አልኩት። ይሄን እላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ወጣ። መልስ አልሰጠኝም፣ ግን ዓይኑን መለሰ።

የክፍል ጓደኞቼ በኋላ ከብበውኝ ጥለቱን እንዴት እንዳዞርኩት ጠየቁኝ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ሁልጊዜ ስለ ሚላን የምታወራዋ፣ ሽሮ ሜዳ ይዤያት እንድሄድ ጠየቀችኝ።

ፎቶ ሐሙስ ነው፣ ብርሃን አመሰግናለሁ። አሁን የቀረኝ አንድ ጭንቀት ነው፣ ይሄ የሙያ ነው። መነኑ ስስ ነው፣ በመስኮት ብርሃን ሲሆን ያሳልፋል። ገበር ላድርግለት ወይስ የውስጥ ልብስ ለብቻ ልስፋላት? ገበር ካደረግኩ አወራረዱ እንዳይበላሽ እፈራለሁ። ጋሼ፣ ምን ይላሉ?

የመርካቶው ልብስ ሰፊ
ልጄ፣ ገበር አታድርጊለት። የእጅ ጨርቅና የፋብሪካ ጨርቅ ሲታጠብ እኩል አይሰበሰብም፣ አንዱ አንዱን ይጎትተዋል፣ ጠርዙም ይጨማደዳል። የውስጡን ለብቻ ስፊላት፣ ከስስ ጥጥ፣ ከቀሚሱ ሦስት ጣት ያጠረ። ነጭ አታድርጊው፣ ነጭ በነጭ ውስጥ የበለጠ ይታያል። የቆዳዋን ቀለም የሚመስል ጥቁር ቡናማ ፈልጊ። መርካቶ ካጣሽ ወደ እኔ ነይ፣ የልጅ ልጄ አድራሻውን በውስጥ መስመር ትሰጥሻለች። ቁራጩን ስትመርጪ ግን ልጅቷን ይዘሻት ነይ፣ ክንዷ ላይ አስቀምጠን ነው የምናየው።

ኛዋ
ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለኝም። እመጣለሁ ጋሼ።